ፐርሰናሊቲ ቴስት ላይ እውነቱን ልመልስ ወይስ እነሱ የሚፈልጉትን?

በዚህ ወር ከደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ አንድ ነገር ናቸው፣ ሥራ ስናመለክት ስለሚያስቀምጡን ፈተና። የጽሑፉም አለ፣ ፐርሰናሊቲ ቴስት የሚሉት የጸባዩም አለ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርገን ረዘም ያሉትን ደግሞ ቆረጥ ቆረጥ አድርገን አቅርበናል፣ ስም አላወጣንም።

ጥያቄ፦ ሰላም ለናንተ፣ ያመለከትኩበት ድርጅት ሲቪሽ አልፏል ብሎ ሊንክ ላከልኝ፣ ስከፍተው ከ200 በላይ ጥያቄ ያለው ፐርሰናሊቲ ቴስት ሆኖ አገኘሁት፣ «በጣም እስማማለሁ» «በፍጹም አልስማማም» ምናምን የሚል። መጀመሪያ ላይ እውነቱን ነበር የምመልሰው በኋላ ግን እንዲ ብዬ ብመልስ ማን ይቀጥረኛል አልኩና መቀያየር ጀመርኩ። የገረመኝ ደግሞ ያው ጥያቄ እየዞረ ይመጣል፣ «ከሰው ጋር መሆን ደስ ይለኛል» ይልና ትንሽ ቆይቶ «ብቻዬን ብሠራ ይሻለኛል» ይላል፣ የቱ ጋ ምን እንዳልኩ እንኳን ጠፋብኝ። እስካሁን አልላክሁትም፣ ምን ላድርግ? (ግራ የገባኝ)

መልስ፦ እህቴ ካልላክሽው ጥሩ፣ ከመጀመሪያው ጥያቄ ተነስተሽ እንደገና እይው፣ ምክንያቱም ግማሹን አንቺ ግማሹን ሌላ ሰው የመለሰው ፈተና ከሁሉም የከፋው ነው።

ያው ጥያቄ እየዞረ የሚመጣው አንቺን ለማጥመድ ብቻ አይደለም። አንድ ጥያቄ ብቻውን ብዙ አይለካም፣ ጠዋት ከሰው ተጣልተሽ ከወጣሽ «ከሰው ጋር መሆን ደስ ይለኛል» ለሚለው ምን እንደምትመልሺ መገመት አይከብድም፣ ስለዚህ አንዱን ጸባይ በብዙ ጥያቄ እያገላበጡ ይጠይቁና ድምሩን ነው የሚያዩት። አንዱ ቦታ ብትስቺ ሌላው ያካክሰዋል። ግን መልሶችሽ እርስ በርስ ሲጋጩ ማስታወቁ አይቀርም፣ አንዳንዶቹ ፈተናዎች ውስጥ ደግሞ ራስን ማሳመርን የሚለኩ ጥያቄዎች ተሰግስገዋል። ይሄ የዛሬ ፈጠራ አይደለም። ከሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ በ1943 (እዚህ የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች ናቸው) የወጣውና ኤምኤምፒአይ የሚባለው የታወቀ የሥነ ልቦና ፈተና ያኔውኑ የውሸት መለኪያ ነበረው፣ ማንም ሰው የሚያደርጋትን ትንንሽ ጥፋት እያነሳ ይጠይቃል፣ በሁሉም ላይ «እኔ? በጭራሽ!» ካልሽ ፈተናው ጻድቅ ናት አይልሽም፣ ራሷን አሳምራለች ብሎ ይመዘግብሻል።

እንደውም የነዚህ ፈተናዎች አያት የተሠራው ለጦር ሜዳ ነው። አሜሪካ 1917 ላይ አንደኛው የዓለም ጦርነት ውስጥ ስትገባ ሮበርት ውድዎርዝ የሚባል የሥነ ልቦና ሰው የመድፍ ጩኸትና የጦርነት ጭንቀት አእምሯቸውን ሊያናጋው የሚችሉትን ምልምሎች ቀድሞ ለመለየት አዎ ወይ አይደለም የሚባሉ 116 ጥያቄዎች አዘጋጀ፣ ጦርነቱ ቀድሞት አለቀና ብዙም ሳይሠራበት ቀረ እንጂ። ልብ በይ፣ ሲጀመር የታሰበው በሽተኛ ለመለየት ነው፣ ጥሩ ሠራተኛ ለመምረጥ አይደለም። ያኔ የነበረው ድክመት ዛሬም አለ፣ ሰውየውን ስለራሱ ትጠይቂዋለሽ፣ እሱ ደግሞ በመልሱ የሚያገኘው ወይ የሚያጣው ነገር አለ። አመልካቾች እንደሚያሳምሩ ቀጣሪዎችም ያውቁታል። ለዛ ነው አሁን አሁን ሁለቱም ጥሩ የሆኑ ዓረፍተ ነገሮች አስቀምጠው «የቱ ይበልጥ አንቺን ይገልጻል?» የሚሉት፣ «ቃሌን እጠብቃለሁ» እና «ለሰው አዝናለሁ» ብለው፣ እስቲ የቱን ትጥያለሽ።

አሁን ወደ ምክሩ ስመጣ፣ «እነሱ የሚፈልጉትን» አውቀዋለሁ ብለሽ ማሰብሽ ነው ዋናው ችግር። ብዙ ሰው ተግባቢና ደፋር መምሰል ያስቀጥራል ብሎ ያስባል። ተመራማሪዎች ጸባይን ባብዛኛው በአምስት ነው የሚከፍሉት፣ ለአዲስ ነገር ክፍት መሆን፣ ሥራን በሥርዓትና በኃላፊነት መያዝ፣ ተግባቢነት፣ ከሰው ጋር መስማማት እና ቶሎ የመጨነቅ ዝንባሌ። ባሪክና ማውንት የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች 1991 ላይ ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ ጨምቀው ሲያዩ በሁሉም ዓይነት ሥራ ላይ ከአፈጻጸም ጋር ግንኙነት ያለው ሆኖ ያገኙት ሁለተኛውን ነው፣ የጀመረውን የሚጨርስ፣ ቀን የሚያከብር ሰው። ተግባቢነት የጠቀመው ለሽያጭና ለኃላፊነት ቦታ ነው። ስለዚህ ዝምተኛ ሆነሽ ሳለ ጨዋታ አዋቂ ለመምሰል ስትታገዪ የከረምሽው ምናልባት ማንም ላልጠየቀሽ ነገር ነው።

እኔ ብሆን እንዲ ነው የማደርገው፣ ጥያቄውን ሳነብ ቤት ያለችውን እኔን ሳይሆን ሥራ ቦታ ያለችውን እኔን አስባለሁ። «እቃዎቼን በቦታቸው አስቀምጣለሁ» ሲል ክፍልሽ የተዝረከረከ ሊሆን ይችላል ሥራ ላይ ግን ፋይሎችሽ ሥርዓት ካላቸው የሚጠየቀው እሱ ነው፣ ይሄ ውሸት አይደለም። ሁሉንም «በጣም» አታድርጊው፣ ሁሉንም መሃል ላይም አታስቀምጪው፣ መሃሉን መደርደር ምንም አለማለት ነው። አንድ ጥያቄ ላይ አስር ደቂቃ አትቀመጪ፣ መጀመሪያ የመጣልሽ መልስ ብዙ ጊዜ ትክክለኛው ነው። ደክሞሽ ማታ ከምትሠሪው ጠዋት ሥሪው። ከዛ በኋላ ካልቀጠሩሽም አልቀጠሩሽም፣ ሌላ ሰው መስለሽ ገብተሽ ያቺን ሴትዮ በየቀኑ ስትተውኚ ከምትውዪ ይሻላል።

ጥያቄ፦ የጽሑፍ ፈተና ተፈትኜ 50 ጥያቄ በ12 ደቂቃ ሰጡን፣ ቁጥር አለ ቃላት አለ ቅርጽ አለ። ሰዓት አለቀ ሲሉ 28ኛው ላይ ነበርኩ። ጎበዝ ተማሪ ነበርኩ በጣም ነው የተሸማቀቅኩት። (የዘንድሮ ተመራቂ)

መልስ፦ ኧረ አትሸማቀቅ ወንድሜ፣ ፈተናው እኮ እንዳይጨረስ ተደርጎ ነው የተሠራው። 50 ጥያቄ በ12 ደቂቃ የወንደርሊክ ቅርጽ ነው፣ 1930ዎቹ ውስጥ የመጣ ፈተና ነው፣ የአሜሪካ ፉትቦል ሊግ ሳይቀር ለብዙ ዓመት ተጫዋቾቹን ይፈትንበት ነበር። የተራው ሰው አማካይ 20 አካባቢ ነው፣ ስለዚህ ከሠራሃቸው ውስጥ ከ20 በላይ ካገኘህ ከአማካዩ በላይ ነህ ማለት ነው። ለሚቀጥለው ግን ሦስት ነገር ያዝ። አንደኛ ከመጀመርህ በፊት ለተሳሳተ መልስ ማርክ ይቀነሳል ወይ ብለህ ጠይቅ፣ የማይቀነስ ከሆነ መጨረሻ ላይ ባዶ የቀሩትን ገምተህ ሙላቸው። ሁለተኛ አንዱ ጥያቄ ላይ አትጣበቅ፣ ለአንዱ ያለህ 14 ሰከንድ ገደማ ነው፣ ከባዱም ቀላሉም እኩል አንድ ነጥብ ነው። ሦስተኛ ሰዓት ይዘህ ተለማመድ፣ የሚያስደነግጠው ጥያቄው ሳይሆን ሰዓቱ ስለሆነ ድንጋጤው በልምምድ ይቀንሳል። ተመሳሳይ ጥያቄዎች ኦንላይን በነጻ ሞልተዋል።

ጥያቄ፦ ሽያጭ ክፍል ለማደግ ተወዳድሬ ነበር፣ አራት ፊደል የሚሰጠውን ፈተና አስፈተኑንና እኔ ኢንትሮቨርት (ዝምተኛ) ስለወጣሁ «ለሽያጭ አትሆንም» ተባልኩ። ስድስት ዓመት ከደንበኛ ጋር ስሠራ ቅሬታ ቀርቦብኝ አያውቅም። ወረቀቱን ሳነበው ደግሞ እውነትም እኔን ነው የሚገልጸው፣ ታዲያ ልክ ናቸው ማለት ነው? (ፊደሉ ያስቀረኝ)

መልስ፦ ልክ አይደሉም፣ እንዲያውም ፈተናውን የሚያሳትሙት ሰዎች ራሳቸው ለቅጥርና ለምርጫ አትጠቀሙበት ይላሉ። አለቃህ ይሄን የሚያውቅ አይመስለኝም።

አራት ፊደሉ ማየርስ ብሪግስ የሚባለው ነው። ካትሪን ብሪግስና ልጇ ኢዛቤል ማየርስ፣ ሁለቱም በሙያቸው የሥነ ልቦና ሰዎች አልነበሩም፣ ካርል ዩንግ የሚባለው የሥነ አእምሮ ሐኪም 1921 ላይ ስለ ሰው ጸባይ ዓይነቶች ካወጣው ሀሳብ ተነስተው ነው የሠሩት፣ ሰውን 16 ቦታ ይመድባል። ለጨዋታ ለመተዋወቂያ ጥሩ ነው፣ ቡድን ቁጭ ብሎ «አንተ ለካ ለዚ ነው ስብሰባ ላይ ዝም የምትለው» ለመባባል ይጠቅማል፣ ምንም ክፋት የለውም። ችግሩ አመዳደቡ ላይ ነው። የሰውን ቁመት ለክተህ መሃሉ ላይ መስመር አስምረህ ከመስመሩ አንድ ጣት ከፍ ያለውን «ረጅም» አንድ ጣት ዝቅ ያለውን «አጭር» ብትል ሁለቱ ሰዎች ከሞላ ጎደል እኩል እንደሆኑ ይረሳል አይደል፣ እዚህም እንደዛ ነው፣ ብዙው ሰው ያለው መሃል አካባቢ ነው፣ ለዚህም ነው ከጥቂት ሳምንት በኋላ ድጋሚ ሲፈተኑ ብዙ ሰዎች ቢያንስ አንዱ ፊደል ተቀይሮ የሚያገኙት። አንተም ድጋሚ ብትፈተን «ኤክስትሮቨርት» ብትወጣ አይግረምህ፣ ያኔ ለሽያጭ ሆንክ ማለት ነው?

«እውነትም እኔን ነው የሚገልጸው» ላልከው ደግሞ ፎረር የሚባል አስተማሪ የሠራውን ልንገርህ። ለ39 ተማሪዎቹ ፈተና ሰጣቸውና ለየብቻ የተጻፈ ውጤት ነው ብሎ ወረቀት አደላቸው፣ ምን ያህል እንደሚገልጻቸው ከ5 ማርክ ስጡት ሲላቸው በአማካይ 4.26 ሰጡት። ለካ ለሁሉም የሰጠው ያንኑ አንዱን ጽሑፍ ነው፣ ዓረፍተ ነገሮቹንም የለቀመው ኮከብ ቆጠራ ከሚያወራ መጽሐፍ ነበር። ይሄ በ1949 የታተመ ነው፣ እስከዛሬ ግን እየሠራብን ነው ያለው።

ስለ ሽያጩ ደግሞ 2013 ላይ አዳም ግራንት የተባለ ተመራማሪ በስልክ የሚሸጡ 340 ሠራተኞችን አይቶ ነበር፣ ከሁሉም በላይ የሸጡት በጣም ተጫዋቾቹ አይደሉም፣ መሃል ላይ ያሉት ናቸው፣ ማውራትም ማዳመጥም የሚችሉት። በእርግጥ አንድ ጥናት ነው፣ ግን «ዝምተኛ አይሸጥም» የሚለውን ያህል እርግጠኛ ሆኖ መናገር እንደማይቻል ያሳያል። እኔ ባንተ ቦታ ብሆን ከአለቃዬ ጋር ስለ ፊደል አልከራከርም፣ ያንተ ማስረጃ ስድስት ዓመት ነው፣ የያዝካቸውን ደንበኞች፣ ተመልሰው የመጡትን፣ የፈታሃቸውን ችግሮች በአንድ ገጽ አድርገህ ለኤችአር (ለሰው ኃይል ክፍሉ) አስገባና ሥራውን ለሙከራ ስጡኝ በላቸው። እምቢ ቢሉህም መዝገብህ ላይ ከፊደሉ ሌላ ነገር ይኖራል።

ጥያቄ፦ አነስተኛ ድርጅት አለኝ። አንድ የሒሳብ ሠራተኛ ለመቅጠር ማስታወቂያ ባወጣ ከ80 ሰው በላይ አመለከተ። አንዱ ወዳጄ ፐርሰናሊቲ ቴስት የሚሸጥልኝ ሰው አለ አለኝ፣ ሌላው ደግሞ የእጅ ጽሑፍ አይቶ ጸባይ የሚያውቅ ባለሙያ ላገናኝህ ይለኛል። ገንዘቤን የት ላይ ላውል? (ቀጣሪ ነኝ)

መልስ፦ ጌታዬ የእጅ ጽሑፉን ነገር ከወዲሁ ይተዉት። ሽሚትና ሀንተር የተባሉ ምሁራን 1998 ላይ የ85 ዓመት ጥናቶችን ሰብስበው የትኛው የመምረጫ ዘዴ የሠራተኛን አፈጻጸም ምን ያህል እንደሚተነብይ በቁጥር አስቀምጠው ነበር፣ ዜሮ ማለት ምንም አንድ ማለት ፍጹም ነው። የእጅ ጽሑፍ 0.02 ነው ያገኘው። ገንዘብዎን ለዚህ ከሚያውሉት ዕጣ ቢያወጡ ይሻላል፣ ዕጣ ቢያንስ ነጻ ነው።

ሌላውን ግን ትንሽ ልዘርዝርልዎት፣ ምክንያቱም እዚህ ላይ ሐሳብ ተቀይሯል። በዚያ በ1998ቱ ጥናት የአጠቃላይ ችሎታ ፈተና፣ ሥራውን ራሱን አሠርቶ ማየት እና በሥርዓት የተዘጋጀ ኢንተርቪው ከላይ ነበሩ፣ ሁሉም 0.5 አካባቢ። 2022 ላይ ሳኬት የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ የድሮው ስሌት ቁጥሮቹን አጋኗቸዋል ብለው እንደገና ሲሠሩት ሁሉም ወረዱ፣ አንደኛ የወጣው በሥርዓት የተዘጋጀው ኢንተርቪው ነው 0.42፣ የሙያ እውቀት ፈተና 0.40፣ ሥራውን ማሠራት 0.33፣ የአጠቃላይ ችሎታ ፈተና 0.31፣ ቅድም ያልነው የኃላፊነት ጸባይ በፐርሰናሊቲ ቴስት ሲለካ 0.19። የሥራ ልምድ ዓመት መቁጠር ብቻውን 0.07! ማስታወቂያ ላይ «አምስት ዓመትና ከዚያ በላይ» እያልን የምንጽፈው ሁላችንም ይሄን ቁጥር ብናየው ጥሩ ነው።

ስለዚህ ለእርስዎ ሥራ እንዲህ ያድርጉ። የሚጠበቅባቸውን የሚያሟሉትን ከማያሟሉት ከለዩ በኋላ ለቀሩት አንድ ሰዓት የማይሞላ ፈተና በኤክሴል ያዘጋጁላቸው፣ ሆን ብለው ስህተት የከተቱበት የባንክ ማስታረቂያ ይስጧቸው፣ ሁለት ጊዜ የተመዘገበ አንድ ክፍያ፣ ቁጥሩ የተገላበጠ ደረሰኝ፣ ማን እንዳገኘው ይዩ፣ ከዚያ «ይህን ለአለቃህ በሦስት መስመር ጻፍለት» ይበሏቸው። መልሱን ስም ሸፍነው ያርሙት። ከላይ ያሉትን አምስት ስድስት ሰዎች ብቻ ይጥሩና ለሁሉም ያንኑ ጥያቄ በዚያው ቅደም ተከተል ይጠይቁ፣ ጥሩ መልስ ምን እንደሆነ አስቀድመው ይጻፉት፣ ማርኩን ሰውየው እንደወጣ ወዲያው ይስጡ። በሥርዓት የተዘጋጀ ማለት ይኸው ነው፣ ሌላ ምስጢር የለውም። ዝም ብሎ «እስቲ ስለ ራስህ ንገረኝ» ብሎ ማውራት በዚያው ጥናት 0.19 ነው ያገኘው።

ፐርሰናሊቲ ቴስቱን የግድ ካሉ መጨረሻ ላይ ያድርጉት፣ ሰው ለመጣል ሳይሆን ኢንተርቪው ላይ ምን እንደሚጠይቁ ለማወቅ። ሻጩንም አንድ ነገር ይጠይቁት፣ «ይህ ፈተና ከሒሳብ ሥራ ጋር እንደሚገናኝ በምን አረጋገጥክ?» አሜሪካ ውስጥ ይህ ጥያቄ ሕግ ሆኗል። ዱክ ፓወር የሚባል የመብራት ኩባንያ ሻል ወዳለው ሥራ ለመግባት የሁለተኛ ደረጃ ዲፕሎማና ሁለት የጽሑፍ ፈተና ይጠይቅ ነበር፣ አንደኛው ያ 12 ደቂቃው ወንደርሊክ ነው፣ ጥቁር ሠራተኞች በብዛት ይወድቁ ነበር፣ ፈተናው ግን ከሥራው ጋር መገናኘቱን ኩባንያው ማሳየት አልቻለም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 1971 ላይ ያለ ልዩነት የወሰነው ሐሳቡ ክፉ ባይሆን እንኳን ከሥራው ጋር የማይገናኝና አንዱን ወገን ለይቶ የሚጥል ፈተና አይፈቀድም ብሎ ነው። የእርስዎ ሀገር ሕግ ምንም ቢል ጥያቄው ሻጩን ያስጨንቀዋል።

ጥያቄ፦ ለጥበቃ ሥራ ባመለከትኩበት ፈተና ላይ ስለ ሃይማኖቴ፣ ስለ መኝታ ቤቴ ጉዳይ፣ መንፈስ ይታይሃል ወይ የሚል ነገር ሁሉ ነበረው። መለስኩት ግን ውስጤ ተቃጠለ። እንዲ መጠየቅ ይቻላል እንዴ?

መልስ፦ መቃጠልህ ልክ ነው። ካንተ በፊት ያንኑ ያሉ ሰዎች ፍርድ ቤት ሄደዋል፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ ታርጌት ለሚባለው የሱቅ ድርጅት ለጥበቃ ያመለከቱ ሰዎች 704 ጥያቄ ያለው ፈተና ተሰጥቷቸው ስለ ሃይማኖትና ስለ ወሲብ ሳይቀር ተጠየቁ፣ ከሰሱ። 1991 ላይ የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ለአመልካቾቹ ፈረደ፣ ነገሩ በኋላ 1993 ላይ በስምምነት ነው ያለቀው። ጥያቄዎቹ ከየት መጡ ካልክ በከፊል ቅድም ካነሳነው ከኤምኤምፒአይ ነው፣ ሆስፒታል ውስጥ ሐኪም በሽተኛን ለመርዳት የሚጠይቀውን አንስቶ ደጃፍ ለሚጠብቅ ሰው መስጠት ማለት ነው። የተወሰኑ ሥራዎች፣ ለምሳሌ መሣሪያ የሚያሲዙት፣ የአእምሮ ጤና ምርመራ ሊፈልጉ ይችላሉ፣ እሱ ግን በባለሙያ እጅ ነው መሆን ያለበት፣ ውጤቱም ኤችአር ጠረጴዛ ላይ የሚዝረከረክ አይደለም።

ወደፊት ሲገጥምህ ያንን ጥያቄ ባዶ ተወውና «ይህ ከሥራው ጋር ያለው ግንኙነት ቢነገረኝ እመልሳለሁ» ብለህ ጻፍበት። ሊያስቀርህ ይችላል፣ አልዋሽህም፣ ሥራ ለቸገረው ሰው ይሄ ቀላል ምክር አይደለም።

ጥያቄ፦ ግራፊክስ ዲዛይነር ነኝ፣ «ፈተና» ብለው ሙሉ የማስታወቂያ ዘመቻ አሠሩኝ፣ ሎጎ ፖስተር ሁሉም። አልቀጠሩኝም፣ ሥራዬ ግን ፔጃቸው ላይ ወጣ።

መልስ፦ ይሄ ፈተና አይደለም፣ ነጻ ጉልበት ነው። የተላከበትን ቀን የሚያሳየውን ኢሜይልና የለጠፉትን ስክሪንሹት ይዘሽ ክፍያ ጠይቂያቸው፣ በጽሑፍ። ለሚቀጥለው ደግሞ ከሁለት ሦስት ሰዓት በላይ የሚወስድ ከሆነ ይከፈልበታል ወይ በይ፣ ለፈተናም የምትልኪው ላይ በጉልህ ስምሽን ጻፊበት፣ ኦሪጅናል ፋይሉን አትስጪ። እውነተኛ ፈታኝ የሚያየው እንዴት እንደምታስቢ ነው፣ ለዛ ደግሞ ገበያ ላይ የሌለ የፈጠራ ምርት ስም ይበቃዋል።

ጥያቄ፦ ወደቅሽ ብቻ አሉኝ። ውጤቴን ማየት መብቴ ነው?

መልስ፦ እንደየሀገሩ ነው። አውሮፓ ኅብረት ውስጥ ሰው ስለ ራሱ የተያዘውን መረጃ መጠየቅ ይችላል፣ የኅብረቱ ፍርድ ቤት ደግሞ በፈረንጆች ታኅሣሥ 2017 ላይ አየርላንድ ውስጥ የሒሳብ ሙያ ፈተና በወደቀ አንድ ሰው ጉዳይ የተፈታኙ መልስም የአራሚው ማስታወሻም የተፈታኙ የግል መረጃ ነው ብሎ ወስኗል። እንዲህ ዓይነት ሕግ በሌለበትም መጠየቅ ክልክል አይደለም፣ አጠያየቁ ግን ለውጥ አለው። «ለምን ጣላችሁኝ» ካልሽ መልስ አታገኚም። «በየትኛው ክፍል እንደደከምኩ ብትነግሩኝ ለሚቀጥለው እዘጋጃለሁ፣ እንደገና ለማመልከትስ ምን ያህል መቆየት አለብኝ?» ብለሽ አጭር ኢሜይል ጻፊ፣ ፈተናው በተደረገ በሳምንቱ፣ ወረቀቱ ገና ጠረጴዛቸው ላይ እያለ።